ሰልፉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ካውንተር ላይ ያለው ሰውስ? ደረጃ በደረጃ

ይሄን የምጽፈው ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ለምትሰሩ ነው፣ በተለይ ካውንተር ላይ ላላችሁ፣ ካሸርም ሁኑ ሲኤስኦ (የደንበኛ አገልግሎት ሰራተኛ) ወይ አካውንት ከፋች። ሌላ መስሪያ ቤት ያላችሁም ብታነቡት አይከፋም ግን ምሳሌዎቹ ሁሉ ከባንክ ናቸው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ሲጀመር ካርድ ከመሙላት አያልፍም ያለው ሰው ብዙ ነበር፣ ዛሬ ደንበኛው ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው። የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ላይ ተከተለ፣ ባንኮቹም እያንዳንዳቸው አፕ አወጡ፣ ታክሲ ውስጥ ያለው ረዳት ሳይቀር ቁጥር እየነገረ በስልክ ይቀበላል። ታኅሣሥ 2017 ላይ ደግሞ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በር የሚከፍተውን አዋጅ አፀደቀ። እና ካውንተር ላይ ያለው ልጅ ጠዋት ሲስተም እስኪነሳ ቁጭ ብሎ፣ ይሄ ስራ ከአምስት አመት በኋላ አለ ወይ፣ ቢኖርስ እኔ በዚህ መሰላቸት እችለዋለሁ ወይ እያለ ያስባል።

ምክር የሚሰጡት ሰዎች ሁለት አይነት ናቸው። አንዱ "ልቀቅና የራስህን ጀምር" ይላል፣ ይሄ ብዙውን ጊዜ የስታፍ ቤት ብድር የሌለበት ሰው ነው። ሌላው "ደሞዝ ይግባ እንጂ ምን አስጨነቀህ" ይላል፣ እሱ ደግሞ ጡረታው የደረሰ ነው። ሁለቱም አይረቡም። የኔ ሀሳብ ቀላል ነው፦ ስራችሁ አንድ ነገር አይደለም፣ የብዙ ትናንሽ ስራዎች ጥርቅም ነው፣ ከነሱ ውስጥ አንዳንዱ እየሄደ ነው አንዳንዱ ደግሞ አሁን እየመጣ ነው፣ እና መደባችሁ ሳይቀየር ማንም ሳይሾማችሁ ሰአታችሁን ከሚሄደው ወደሚመጣው ቀስ እያላችሁ ማዛወር ትችላላችሁ። እንዴት እንደሆነ እነሆ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ደክሟችሁ ነው ወይስ ሰልችቷችሁ?

እነዚህ ሁለቱ ይምታታሉ። ቅዳሜና እሁድ አርፋችሁ ሰኞ ጠዋት ደህና ከሆናችሁና ረፋዱ ላይ ስራው ከደበራችሁ መሰልቸት ነው፣ መመሪያው ለናንተ ነው። ሰኞ ጠዋት ራሱ ከአልጋ መነሳት ካቃታችሁ፣ እንቅልፍ ከሌለ፣ ደንበኛ ላይ መጮህ ከጀመራችሁ ግን ድካም ነው፣ እዛ ላይ ሌላ ፕሮጀክት መጨመር ራስን መጉዳት ነው። መጀመሪያ ፈቃድ ውጡ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ለመጀመሪያው አመት አገልግሎት 16 የስራ ቀን የአመት ፈቃድ አላችሁ፣ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፣ ባንካችሁ በህብረት ስምምነት ከዚህም በላይ ሊሰጥ ይችላል። ፈቃዱን ለሰርግና ለለቅሶ እየቆራረሱ መጨረስ የኛ ልማድ ነው፣ አንዴ እንኳን ሙሉ ሳምንት ውሰዱት።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ሙሉ ምን እንደምትሰሩ ጻፉ

ትንሽ ደብተር ያዙ፣ ድሮ የካሽ ሂሳብ ጫር የምታደርጉበት አይነት። አንድ ደንበኛ ተስተናግዶ ሲሄድ ጉዳዩን በሁለት ቃል ጻፉ። ስም አይጻፍ፣ የሂሳብ ቁጥር አይጻፍ፣ የደንበኛ ሚስጥር ከቅርንጫፍ አይወጣም፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። "ገቢ"፣ "ወጪ"፣ "ሀዋላ"፣ "ፒን ረሳ"፣ "ኤቲኤም ቆረጠ ብር አልሰጠም"፣ "የተሳሳተ ቁጥር ላይ ላከ"፣ እንዲህ በቂ ነው።

አርብ ማታ ወይ ቅዳሜ ከሰአት ቁጭ በሉና እያንዳንዱ መስመር ጎን አንድ ምልክት አድርጉ። ወደ ስልክ እየሄደ ያለውን "ሄ"፣ ሰው ፊት ለፊት ካልሆነ የማይሆነውን "ቀ"፣ ከሁለት ሶስት አመት በፊት ያልነበረውን ወይ በጣም ጥቂት የነበረውን "አ"።

"ሄ" ውስጥ የሚገቡት ግልፅ ናቸው፣ ቀሪ ሂሳብ መጠየቅ፣ ከአካውንት አካውንት ማስተላለፍ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። "ቀ" ውስጥ የውርስ ጉዳይ ይዘው የሚመጡት፣ የማህበርና የእድር አካውንት ፈራሚ ለመቀየር ቃለ ጉባኤ ይዘው የሚመጡት ሶስቱ ሽማግሌዎች፣ የሚፈርም ሰው የሞተበት ድርጅት፣ ብድር ፈልጎ ንግድ ፈቃዱን በፌስታል ይዞ የሚመጣው ባለሱቅ አሉ። በጣም የሚገርመው ግን "አ" ነው። ፋይዳ ላይ ያለው ስምና አካውንቱ ላይ ያለው ስም አልገጥም ያለ ሰው፣ አንዱ "ገብረማርያም" ሌላው "ገ/ማርያም"። ስልኩ ተሰርቆ አፑን ማዘጋት የሚፈልግ። "ከባንክ ነው የምንደውለው" ተብሎ የመጣለትን ኮድ አንብቦ የሰጠ ምስኪን። ፖስ ማሽን (በካርድ መክፈያውን) ወስዶ ብሩ መቼ እንደሚገባለት ያልገባው የካፌ ባለቤት። ልጇ አፕ ጭኖላት ሄዶ ምን እንደምትነካ ግራ የገባት እናት።

አያችሁ፣ ሰው የቀነሰ ይመስላል እንጂ የቀረው ሰው ጉዳዩ ከበደ። ቀላል ቀላሉን ስልኩ ወሰደውና ለናንተ የተተወው ውስብስቡ ነው። ካውንተሩ ላይ ያለው ሰው ስራ የደበረው ብዙ ጊዜ ይሄን ውስብስብ ነገር በድሮው የቀላሉ ስራ መንፈስ ቶሎ ቶሎ ለመሸኘት ስለሚሞክር ነው፣ "ኮል ሴንተር ይደውሉ" ብሎ።

አንድ ነገር ጨምሩ፣ ሰአት ያላያችሁበትን ጉዳይ አክብቡት። ሰው ስራ ሲጥመው ሰአት አያይም፣ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ደረጃ 2፦ ከ"አ" ውስጥ አንድ ጉዳይ ምረጡና የሱ ሰው ሁኑ

አንድ ብቻ። ከከበባችሁት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ግቡ በሁለት ወር ውስጥ ቅርንጫፉ ውስጥ ያ ጉዳይ ሲመጣ ሁሉም ወደናንተ እንዲጠቁም ነው።

የኤቲኤም ቅሬታን እንውሰድ። ደንበኛው መጣ፣ ከሂሳቤ ተቆርጧል ብሩ ግን አልወጣም አለ። ብዙው ሰራተኛ ፎርም ያስሞላና "ጥቂት ቀን ይጠብቁ" ይላል። ለምን እንደሚጠበቅ ግን አያውቅም፣ ስለማያውቅም ደንበኛው ሲቆጣ የሚመልሰው የለም፣ ቀኑ የሚበላሸው እዛ ላይ ነው። ውስጡን ግቡበት። ማሽኑ የራሳችሁ ባንክ ከሆነ ጉዳዩ ቤት ውስጥ ነው፣ ማሽኑ የሰራውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ብር የሚሞላው ሰው ሲቆጥርም ያልወጣው ብር ትርፍ ሆኖ ይገኛል፣ ሁለቱ ሲመሳከሩ ይለያል። የሌላ ባንክ ማሽን ከሆነ ግን ግብይቱ ያለፈው ባንኮቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች ነው፣ ስለዚህ የናንተ ባንክ ይጠይቃል፣ የማሽኑ ባለቤት ባንክ ማሽኑን ያጣራል፣ መልሱ በዛው መንገድ ይመለሳል። ይሄን በሁለት አረፍተ ነገር ለደንበኛ መናገር የቻለ ሰው ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ ሲወርድ ያያል። እመኑኝ፣ "ይጠብቁ" እና "ማሽኑ የሌላ ባንክ ስለሆነ እነሱ ቆጥረው እስኪያረጋግጡ ነው" መሀል ብዙ ልዩነት አለ።

ከዛ ቀጥሉ። የትኛው ፎርም፣ ማን ጋር ይሄዳል፣ ምን ከጎደለ ይመለሳል፣ በየትኛው ሰአት ቢላክ በዛው ቀን ይታያል። አንድ ገጽ ጻፉበትና ካውንተሩ ውስጥ ለጥፉት። ሳምንት ሳይሞላ የጎናችሁ ልጅ ከሱ ላይ ሲያነብ ታያላችሁ።

እዚህ ጋ ትንሽ ላውራ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጆብ ክራፍቲንግ (ሰራተኛው ራሱ ስራውን መቅረፁን) የሚሉትን ነገር ጽፈው ነበር፣ አንዱ መነሻቸው የሆስፒታል ጽዳት ሰራተኞች ናቸው። ሁሉም የስራ ዝርዝራቸው አንድ አይነት ነው፣ ግን አንዳንዶቹ ስራዬ ወለል መጥረግ ነው ሲሉ ሌሎቹ በሽተኛው እንዲድን እያገዝኩ ነው ይላሉ፣ ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም፣ በተግባር በሽተኛ ያጫውታሉ፣ ለነርሷ ስራ እንዲቀል ሰአታቸውን ያስተካክላሉ። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ራሳቸው ጨመሩበት ማለት ነው። የኛ ሀገር አለቃ "ከጆብ ዲስክሪፕሽንህ ውጪ ነው" ሊል ይችላል፣ ለዛ ነው ቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልገው።

ደረጃ 3፦ ከማናጀር ጋር ተነጋገሩ፣ ግን ሰልችቶኛል ብላችሁ አትጀምሩ

ብራንች ማናጀሩ ታርጌት አለበት፣ ዲፖዚት፣ አዲስ አካውንት፣ የሞባይል ባንኪንግ ተጠቃሚ፣ ዲስትሪክት በየሳምንቱ ይጠይቀዋል። የናንተ መሰልቸት እሱ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ጉዳዮች መጨረሻው ነው፣ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ የሱን ጭንቀት የሚያቀል ነገር ይዛችሁ ግቡ።

ቀኑን ምረጡ። ሰኞ አይሆንም፣ ቅዳሜ አይሆንም፣ ደሞዝ የሚገባበት ሰሞን አይሆንም፣ ሰኔ መዝጊያ ላይ ደግሞ በጭራሽ። ረቡዕ ወይ ሐሙስ ከሰአት፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ። እንዲህ በሉ፣ በራሳችሁ አፍ አስተካክሉት፦

"አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር። የሳምንቱን ጉዳይ ስመዘግብ ነበር፣ የፖስ ማሽን የወሰዱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ አይጠቀሙበትም፣ ገብቶ የሚያሳያቸው ሰው የለም። ሐሙስ ከሰአት ሰው ስለሚቀንስ ሁለት ሰአት ብቻ ቢፈቅዱልኝ አካባቢው ላይ እየዞርኩ ላስረዳቸው፣ ለአንድ ወር እንሞክረውና ውጤቱን እርስዎ ያዩታል።"

ማናጀሩ እኩያችሁ ከሆነ ያው አንተ ተባብላችሁ ታወሩታላችሁ፣ ሀሳቡ ግን እሱ ነው፦ ቁጥር አለ፣ ትንሽ ሰአት አለ፣ የሚያልቅበት ቀን አለ፣ እምቢ ለማለት ከባድ ነው። ካሸር ከሆናችሁ ሌላም ነገር አስቡ፣ ሳጥናችሁን ማን ይይዛል? ርክክቡ በቆጠራና በፊርማ ካልሆነ ማጉደል ሲመጣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እና ምንም ያህል ልጁን ብታምኑት ፓስወርድ ለማንም አትስጡ፣ "አንዴ አፕሩቭ አድርግልኝ" እያሉ የሰው ዩዘር መጠቀምም አይነካካችሁ። ሜከርና ቼከር፣ ማለትም ስራውን የሚያስገባውና የሚያፀድቀው፣ የተለያዩት ለዚህ ነው፣ ስንት ጥሩ ሰራተኛ በጓደኝነት ፍርድ ቤት ቆሟል።

ደረጃ 4፦ ተማሩ፣ ግን ሰርተፊኬት አትሰብስቡ

እኛ ጋ መማር ማለት ወረቀት ማምጣት ሆኗል። ቴሌግራም ላይ የተላከ ፒዲኤፍ ስልክ ሞልቶ አንዱም አልተከፈተም፣ ማስተርስ የተያዘው ለደረጃ እድገት ነጥብ ነው። የኔ ምክር ደረጃ 2 ላይ የመረጣችሁት ጉዳይ የሚጠይቀውን ብቻ ተማሩ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ነፃ የሆነውን አንብቡ፣ ሰርኩላሩን። ከሄድ ኦፊስ ይመጣል፣ "አንብቤያለሁ" ብለን እንፈርማለን፣ ማንም አያነበውም። ቅርንጫፍ ውስጥ ሰርኩላር የሚያነብ አንድ ሰው ካለ በስድስት ወር ውስጥ ማናጀሩ ራሱ እሱን መጠየቅ ይጀምራል። ብሄራዊ ባንክ የሚያወጣቸው መመሪያዎችም ድረገፁ ላይ አሉ። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሲታወጅ በየቅርንጫፉ ደንበኛው የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነበር፣ መመሪያውን ራሱን ያነበበው ልጅ ግን ያን ሰሞን ከማንም በላይ ተፈላጊ ነበር፣ ሌላው ፌስቡክ ላይ ያየውን ነው የሚያወራው።

ቀጥሎ ኤክሴል። ኧረ እናውቃለን አትበሉኝ፣ ሰንጠረዥ ማስመር ኤክሴል ማወቅ አይደለም። ፒቮት ቴብል፣ ሁለት ሊስት ማመሳከር፣ የተደጋገመ ማውጣት፣ እነዚህ ሶስቱ ከሪከንሲሌሽን (ሂሳብ ማስታረቅ) ስራ ግማሽ ቀን ይቆጥባሉ። ደብተራችሁ ላይ ያለውን የሳምንት መዝገብ አስገቡበትና ልምምድ ይሁናችሁ፣ ሌላ ዳታ አትፈልጉ። ዳታው ደስ ካላችሁ ሐምሌ 2016 ላይ ከኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ውስጥ የዳታ ሳይንስ መሰረታዊ ኮርስ በነፃ አለ፣ እንግሊዝኛው ትንሽ ያደክማል ግን ይቻላል። ወደ ፋይናንስ ክፍል ማዘንበል የምትፈልጉ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ያስፈልጋችኋል፣ አዋጅ 847/2006 ከወጣ ጀምሮ የፋይናንስ ሪፖርቱ ወደሱ ነው የዞረው፣ ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ፈተና) የሚጀምሩም ብዙ ናቸው፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ ግን ሳትዘጋጁ አትግቡ።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹን ተጠቀሙ፣ ፎርሙላ ሲያቅታችሁ ወይ የእንግሊዝኛ ሜሞ ስታዘጋጁ ጥሩ ናቸው። የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ ሂሳብ፣ ስቴትመንት ግን ለጥፋችሁ አትጠይቁት። በቃ፣ መስመሩ እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለት ሰው ያዙ

አንዱ ሄድ ኦፊስ ያለ ሰው። ቅሬታችሁን የሚቀበለው፣ በኤክስቴንሽን ብቻ የምታውቁት ድምፅ። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሄድ ኦፊስ ስትሄዱ ፎቁ ላይ ውጡና ሰላም በሉት፣ "በስልክ የማስቸግርህ እኔ ነኝ" ብላችሁ። ከዛ ቀን በኋላ ኬዛችሁ ወረፋ ቢይዝም ለምን እንደያዘ የሚነግራችሁ ሰው አላችሁ። ክፍት ቦታም ሲመጣ ከማስታወቂያው በፊት የምትሰሙት ከዛ ነው፣ ሀገራችን ናት፣ ይታወቃል።

ሌላው እዛው ቅርንጫፍ ውስጥ ያለ አንጋፋ። ቼክ በእጁ ዳብሶ ፊርማ ሳያመሳክር "ይሄ ትክክል አይደለም" የሚለው፣ ተበዳሪው ገና ሲገባ ይከፍላል አይከፍልም የሚለየው ሰውዬ። እሱ አፑ ያስጨንቀዋል ግን ጠይቆ አያውቅም፣ ክብሩ ነው። ሰው በሌለበት አሳዩት፣ "ጋሼ ይሄን ይዩት እስኪ" ብላችሁ፣ እሱም ብድር ፋይል እንዴት እንደሚነበብ ያሳያችኋል። ማሽን ያልወሰደው ስራ አብዛኛው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፣ ሳይናገር ጡረታ እንዳይወጣ።

ደረጃ 6፦ የሰራችሁትን ወረቀት ላይ አስቀምጡ

ግምገማ ሲመጣ ሁሉም ሰው "በትጋት ሰርቻለሁ" ይጽፋል። እናንተ ከምን ወደ ምን እንደመጣ ጻፉ። ከደብተራችሁ ስንት የኤቲኤም ቅሬታ እንደተቀበላችሁ፣ ስንቱ ፎርም ጎድሎት ይመለስ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚመለስ፣ ስንት ነጋዴ ፖሱን መጠቀም እንደጀመረ። አንድ ገጽ አይለፍ። ለማናጀሩ ስትሰጡ በሱ አመራር እንደሆነ መጥቀሱ ውሸት አይደለም፣ ሁለቱን ሰአት የፈቀደው እሱ ነው።

ይሄው ገጽ የውስጥ ክፍት ቦታ ሲወጣ የማመልከቻችሁ ሆድ ይሆናል። ዲጂታል ባንኪንግ፣ የካርድ ክፍል፣ የደንበኛ ቅሬታ፣ ሪስክ፣ ፍሮድ ክትትል፣ እነዚህ ክፍሎች ቅርንጫፍ የሰራ ሰው ይፈልጋሉ ምክንያቱም ስክሪን ላይ ያለው ቁጥር ካውንተር ላይ ምን አይነት ሰው እንደሆነ የሚያውቅ እዛ ብዙ የለም። ደረጃው እኩል ቢሆንም፣ ደሞዙ ባይጨምርም አመልክቱ። የካሽ አበል ሊቀርባችሁ ይችላል፣ እሱን ቀድማችሁ አስሉት።

ደረጃ 7፦ እምቢ ካለስ?

ማናጀሩ ሁለት ጊዜ ከተጠየቀና ሁለቴም ካልፈቀደ አትጨቃጨቁ። የቅርንጫፍ ትራንስፈር ጠይቁ፣ መርካቶ ያለ ቅርንጫፍና ሰፈር ውስጥ ያለ ቅርንጫፍ አንድ ባንክ ቢሆኑም ስራው ሌላ ነው። የንግድ ቦታ ላይ ያለው ያደክማል ግን ብድሩንም ኤልሲውንም (ለአስመጪ የሚከፈተውን የባንክ ዋስትና) ቶሎ ያሳያችኋል።

መልቀቅ ከመጣ ደግሞ በስሜት አይሁን። መጀመሪያ የስታፍ ብድር ውላችሁን አውጡና አንብቡ፣ በብዙ ባንክ ስትለቁ የወለዱ መጠን ከሰራተኛ ወደ መደበኛ ደንበኛ ይዞራል፣ ወርሃዊ ክፍያው ስንት እንደሚሆን ብድር ክፍል ያለ ጓደኛችሁ አስልቶ ይንገራችሁ፣ አዲሱ መስሪያ ቤት የሚጨምርላችሁ ደሞዝ ያንን ካልሸፈነ ጭማሪ አይደለም። ባንክ ወደ ባንክ ከሆነ ብድሩን ይረከባሉ ወይ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ በቃል ሳይሆን በጽሁፍ። የሙከራ ጊዜያችሁን የጨረሳችሁ ከሆነ አዋጁ የሚጠይቃችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። በነዛ 30 ቀናት ውስጥ ሳጥናችሁን በአግባቡ አስረክቡ፣ ክሊራንሱን ጨርሱ፣ የስራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የሰራችሁበት ክፍልና መደብ በትክክል መጻፉን እዛው ቆማችሁ አንብቡ፣ በኋላ ለማስተካከል መመላለስ ነው።